ሦስት ፒክአፕ፣ ሦስት ዓይነት የነዳጅ ወሬ፦ የትኛው ነው የሚያዋጣኝ?

ዓሳ ነጋዴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፣ አባይ ማዶ። ሥራዬ ዓሳ ነው። ጠዋት ከጀልባ ላይ ቀረሶና አምባዛ እረከባለሁ፤ ፊሌቶ አስወጥቼ፣ በበረዶ አሽጌ፣ ደብረ ማርቆስ ላሉ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች እልካለሁ። እስካሁን በኪራይ መኪና ነበር። ኪራዩ አንገሽግሾኛል። አከራይ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ስልኩን ያጠፋል። ዓሳ ደግሞ አይጠብቅም።

ስለዚህ አሮጌም ቢሆን የራሴን ልገዛ ነው። ሦስት አይቻለሁ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። መካኒክም አይቷቸዋል፣ እሱን ለእኔ ተዉት። የቸገረኝ ነዳጁ ነው። ሦስቱም ሻጮች «ነዳጅ አይበላም» ይላሉ። ነዳጅ ይበላል ብሎ መኪና የሚሸጥ ሰው እኔም አላጋጠመኝም።

ነጩ ናፍጣ ነው። 800 ኪሎ ይጭናል። ባለቤቱ «በሊትር 11 ኪሎሜትር፣ አትጠራጠሪ» አለኝ። ወረቀት የለም፣ አፍ ብቻ ነው።

ሰማያዊውም ናፍጣ ነው። የሚጭነው 700 ኪሎ። ባለቤቱ ደብተር አለው። ፎቶ አነሳሁት፣ እንዲህ ይላል፦

8 ሊትር፣ 92 ኪሎሜትር
14 ሊትር፣ 161 ኪሎሜትር
12 ሊትር፣ 102 ኪሎሜትር
20 ሊትር፣ 230 ኪሎሜትር

ትንሹ ቤንዚን ነው። 400 ኪሎ ይጭናል። የሚሸጠው ደላላ ነው። «ለመቶ ኪሎሜትር 8 ሊትር» አለና የፋብሪካውን ወረቀት ስልኩ ላይ ከፍቶ አሳየኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንዱ በሊትር ስንት ኪሎሜትር ይላል። አንዱ ለመቶ ኪሎሜትር ስንት ሊትር ይላል። አንዱ ደብተር ይዘረጋል። የመጀመሪያው ቁጥር ሲበዛ ነው ጥሩ፣ የደላላው ደግሞ ሲያንስ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። «እማ፣ ይሄማ ወደር ነው፣ ተምረነዋል» ብላ እስክሪብቶ አነሳች። አሰላችና «ትንሹ ያሸንፋል» አለች። እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም።

መንገዴ ደርሶ መልስ 530 ኪሎሜትር ገደማ ነው። የነዳጅ ዋጋ ስለሚቀያየር በብር ሳይሆን በሊትር ንገሩኝ።

መምህር ዘሰባታሚት፦

እህቴ፣ ልጅሽን በርቺ በይልኝ። መንገዱን ይዛዋለች። እኔም የማስተምረው ሰባተኛ ክፍል ስለሆነ ጥያቄሽን ነገ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፣ አትቀየሚኝም።

ሦስቱን ለማወዳደር መጀመሪያ ሦስቱንም ወደ አንድ ቋንቋ ማምጣት ነው። «በአንድ ሊትር ስንት ኪሎሜትር» የሚለውን እንውሰድ። ነጩ አብቅቶለታል፣ 11 ነው። የትንሹን 100ን ለ8 አካፍይ፣ 12.5 ይመጣል። የሰማያዊውን እያንዳንዱን መስመር ኪሎሜትሩን ለሊትሩ አካፍይ። 92 ለ8 ሲካፈል 11.5። 161 ለ14 እሱም 11.5። 230 ለ20 አሁንም 11.5። ሊትሩ ሲጨምር ኪሎሜትሩም በዚያው ልክ እየጨመረ ነው። ወደር የምንለውም ይሄንኑ ነው። በግራፍ ብታስቀምጪው ነጥቦቹ ከዜሮ በሚነሳ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ።

አንዱ ብቻ ከሰልፉ ወጥቷል። 102 ለ12 ሲካፈል 8.5 ነው። ያን ቀን ምን እንደነበረ ባለቤቱን ጠይቂው። ምናልባት ጭነት በዝቶ ይሆናል፣ ምናልባት ሲጽፍ ተሳስቶ።

በሻጮቹ አፍ ከሄድን ለ530 ኪሎሜትር ነጩ 48.2 ሊትር፣ ሰማያዊው 46.1፣ ትንሹ 42.4 ሊትር ይፈልጋሉ። ልጅሽ እንዳለችው ትንሹ ይቀድማል።

የጎጃም መስመር፦

መምህር፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ደብተሩ ግን ውሸት ነው።

በዚህ መስመር ላይ ነው ፀጉሬ የሸበተው። የእውነት የነዳጅ ደብተር 11.5፣ 11.5፣ 11.5 ብሎ አይወጣም። አንድ ቀን 10.8 ነው፣ አንድ ቀን 11.9 ነው፣ ጎማው ትንሽ የተነፈሰ ዕለት 10.2 ነው። ነፋስ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ከብት መንገድ ዘግቶ መቆም አለ። እንዲህ ተስተካክሎ የሚመጣ ቁጥር ቁጭ ብሎ በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ፎቶውን አጉልተሽ እይው እህት ዓለም፣ የቀለሙ ድምቀት አንድ ዓይነት ካልሆነ ጠይቂኝ። እኔ ከዚያ ደብተር የማምነው መምህር ያወጡትን መስመር ብቻ ነው፣ 8.5 የሚለውን። እሱን ሳይሠርዘው ረስቶት ነው የሚሆነው።

ሁለተኛ፣ መንገድሽ ሜዳ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። መራዊና ዳንግላን አልፈሽ እንጅባራ ስትደርሺ ከ2,500 በላይ ወጥተሻል። ከዚያ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ትወርጃለሽ፣ ከደምበጫ በኋላ እንደገና ወደ ደብረ ማርቆስ ትወጫለሽ። እሱም ወደ 2,450 ነው። ስትሄጂ ጭነሽ ሽቅብ፣ ስትመለሺ ባዶሽን ቁልቁል። ጭነው ሲሄዱ በሊትር 8 የሚሰጥ መኪና ሲመለሱ 12 ሊሰጥ ይችላል። ሻጩ ታዲያ የቱን ይነግርሻል? የሚጠቅመውን ነዋ። አማካዩን 10 ብለሽ ያዢ።

ሦስተኛ፣ የማንንም ወሬ ትተሽ ራስሽ ለኪ። ማደያ ገብተሽ ፉል አስሞይ፣ ቀጂው የመጀመሪያውን ቀጭ ሲል ያቁም። ኪሎሜትር ቆጣሪውን ጻፊ። እንደምትሠሪበት ጭነሽ ደርሰሽ ተመለሺ። እዚያው ማደያ፣ እዚያው ቀጂ ጋር፣ እንደገና እስከ ቀጭ አስሞይ። ሁለተኛው ሙሌት ላይ የገባው ሊትር የበላሽው ነው፣ በመሃል የጨመርሽው ካለ ትደምሪበታለሽ። ከመንገድ በሃይላንድ የተሸጠ ነዳጅ ግን እንዳትቀላቅዪ። ሃይላንዱ ሁለት ሊትር ነው ይባላል፣ እስከ አንገቱ ይሁን እስከ ወገቡ እግዜር ነው የሚያውቀው። እንኳን መኪና ሊለካበት ዘይትም አይለካበትም።

መምህር ዘሰባታሚት፦

ጋሼ፣ ስለ ደብተሩ ያሉት ደስ ብሎኛል። ክፍል ውስጥ የምንሰጣቸው ቁጥሮች ሁሉ እንደዚያ ሻጭ ደብተር የተስተካከሉ መሆናቸው አሁን ነው የታየኝ።

አማካዩ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። 8 እና 12 ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 10 ቢመጣም፣ የጉዞው እውነተኛ አማካይ እሱ አይደለም። ሲሄዱ 265 ኪሎሜትር በ8 ሲሄድ 33.1 ሊትር ነው። ሲመለሱ 265 በ12 ሲካፈል 22.1። ድምሩ 55.2 ሊትር። 530ን ለ55.2 ስናካፍል 9.6 ነው የሚመጣው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሽቅቡ ላይ ብዙ ሊትር ስለሚፈስ ሽቅቡ ሚዛን ይደፋል። በሊትር የተለካ ነገር ሲቀላቀል ጠቅላላ ኪሎሜትርን ለጠቅላላ ሊትር ማካፈል እንጂ አማካዮቹን መደመር አይሠራም። የደላላው «ለመቶ ኪሎሜትር ስንት ሊትር» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይሻላል። መንገዱ እኩል ከሆነ እሱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ይቻላል፦ 12.5 እና 8.33፣ አማካዩ 10.4 ሊትር ለመቶ። መልሰን ስናካፍለው ያው 9.6 ነው።

የጎጃም መስመር፦

የእኔ 10 የሾፌር 10 ነው መምህር፣ መንገድ ላይ ነዳጅ አያስጨርስም። ከዚያ ወዲያ የእርስዎን ያዢ እህት ዓለም።

አይሱዙ፦

መምህር ለመቶ ኪሎሜትር የሚለው ይሻላል ያሉት እውነት ነው፣ እኔን ያስበላኝ ነገር አለና። የእኔ አይሱዙ በሊትር 4 ይሰጣል። መካኒኩ ኖዝሉን አስተካክዬ 5 አደርግልሃለሁ ሲለኝ «ለአንድ ኪሎሜትር ነው ይሄን ሁሉ ብር የምከፍለው» ብዬ ተውኩት። ጎረቤቴ ያቺን ትንሽ አውቶሞቢሉን ከ11 ወደ 12.5 አሳደገና ይፎክርብኝ ነበር። እስቲ ለመቶ ኪሎሜትር አስሉት። የእኔ ከ25 ሊትር ወደ 20 ይወርድ ነበር፣ አምስት ሊትር። የእሱ ከ9.1 ወደ 8፣ አንድ ሊትር ብቻ። ከታች ያለች አንድ ኪሎሜትር ከላይ ካለችው ትከብዳለች። ደላሎች ይሄን ያውቃሉ፣ ለዚህ ነው እንደ ገዢው የሚቀያይሩት።

የዘጌ ጀልባ፦

እኔ እንኳ መኪና የለኝም፣ ጀልባ ነው ያለኝ። ግን ሁላችሁም ስለ ኪሎሜትር ስታወሩ ገረመኝ።

እኛ ጣና ላይ በኪሎሜትር አንቆጥርም። ሞተሩ እየሠራ ቆመን ሰው ስንጠብቅ መንገዱ ዜሮ ነው፣ ቤንዚኑ ግን ያልቃል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ያው ዘጌ በእጥፍ ይርቃል። ስለዚህ በሰዓት ስንት ሊትር ብለን እንይዛለን። ሲከፈለን ደግሞ በሰው ነው። አንድ ቱሪስት ብጭን አሥር ብጭን ነዳጁ ብዙም አይለይም፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ግን ሰማይና ምድር ነው።

አንቺ የምትሸጪው ኪሎሜትር ነው እንዴ እህቴ? ዓሳ ነው። በኪሎ ነው የሚከፈልሽ። ታዲያ ለአንድ ኪሎ ዓሳ ስንት ሊትር ይደርሳል ብለሽ አስዪ። ነጩ 48 ሊትር በልቶ 800 ኪሎ ያደርስልሻል፣ ለመቶ ኪሎ 6 ሊትር። ትንሹ 42.4 በልቶ 400 ኪሎ፣ ለመቶ ኪሎ 10.6 ሊትር። ያሸነፈው ተሸነፈ።

ዓሳ ነጋዴዋ፦

የዘጌው ልጅ፣ እናትህ ትባረክ። ልቤ ያልቆረጠው ለዚህ ነው ለካ።

ግን ሁልጊዜ ሞልቼ አልጭንም። ገበያው ጾምና ፍስክ ነው። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ እተዋለሁ፣ ሆቴሎቹ ግን በሁዳዴ ስልኬን አያሳርፉትም። በጾም በአንድ ጉዞ 450 ኪሎ ፊሌቶ እልካለሁ። በፍስክ ሥጋው ሲገባ ወደ 250 ይወርዳል። ለ250 ኪሎ ዓሳ 800 የሚጭን መኪና መንዳት ደግሞ ያበሳጫል።

የጎጃም መስመር፦

በረዶውን ቆጥረሻል? እኔ ዓሳ ጭኜ አውቃለሁ። የሚጫነው ዓሳ ብቻ አይደለም።

ዓሳ ነጋዴዋ፦

ጋሼ፣ በረዶው ለሁለት ኪሎ ዓሳ አንድ ኪሎ ነው። እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው ሙቀት ከዚያ ያነሰ አያስኬድም። 450 ኪሎ ዓሳ ማለት 675 ኪሎ ጭነት ነው፣ 250ው ደግሞ 375። ሣጥኖቹ ቀላል ናቸው፣ ተዋቸው።

መምህር ዘሰባታሚት፦

ይሄ ጥያቄ እየጣፈጠ መጣ። በረዶው ሁልጊዜ የዓሳው ግማሽ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አይለውጠውም። ሁሉም ቁጥር በ1.5 ይባዛል፣ ያው ነው። ነጩ ለመቶ ኪሎ ዓሳ ከ6 ወደ 9 ሊትር፣ ትንሹ ከ10.6 ወደ 15.9። መብዛታቸው እኩል ነው፣ ማን ማንን እንደሚቀድም አይነካውም።

የሚለወጠው ጣሪያው ነው። ትንሹ 400 ኪሎ ሲጭን ዓሳው 267 ኪሎ ብቻ ነው። የፍስኩን 250 ለጥቂት ይችለዋል። የጾሙን 450 ግን በአንድ ጊዜ አይችለውም፣ ሁለት ጊዜ መመላለስ አለበት። ሰማያዊው በ700 ኪሎ 467 ኪሎ ዓሳ ይወስዳል፣ ስለዚህ ጾሙንም ይችላል። ሥዕሉ ላይ ብታይው ትንሹ መኪና ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ 267 ላይ ሲደርስ እንደ ደረጃ ዘሎ በእጥፍ ይወጣል።

አሁን የቀረሽ የጋሼን ምክር መስማት ነው። ለኪ።

ዓሳ ነጋዴዋ፦

ለካሁ። ከጠፋሁበት ተመለስኩ።

የነጩ ባለቤት መኪናውን አልሰጥም አለ። «በቃሌ እመኚኝ» አለኝ። ነዳጁን እኔ ልችል፣ ሾፌሩንም የራስህን ላክ ብዬው ነበር። አሁንም እምቢ። ስለዚህ ነጩ ወጣ።

ሰማያዊውን ሰጡኝ። 700 ኪሎ ሙሉ ጭኜ ላክሁት። ቆጣሪው ደርሶ መልስ 536 አለ፣ የገባው ናፍጣ 57 ሊትር። በሊትር 9.4 ማለት ነው። ደብተሩ 11.5 ነበር ያለው። ባለቤቱን ደውዬ ጠየቅሁት፣ «ያ ባዶውን ከተማ ውስጥ ነው» አለ። ባዶ መኪና ይዤ ደብረ ማርቆስ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ጋሼ ካመኑት 8.5 እና ሻጩ ካለው 11.5 መሃል ነው የወደቀው፣ ወደ ጋሼ ጠጋ ብሎ።

ትንሹንም ጭኜ ላክሁት። 534 ኪሎሜትር፣ 48 ሊትር። ለመቶ ኪሎሜትር 9 ሊትር ነው። ደላላው 8 ነበር ያለው። አንድ ሊትር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን የፋብሪካው ወረቀት ስለ ዳንግላ ዳገትና ስለ በረዶ አያውቅም መሰለኝ። ይሄኛው ውሸቱ ቀለል ይላል።

አሁን ልጄና እኔ ተቀምጠን ሠራነው። በፍስክ ለ250 ኪሎ ሰማያዊው 57 ሊትር፣ ትንሹ 48። ለመቶ ኪሎ ዓሳ 22.8 እና 19.2። ትንሹ በጉዞ 9 ሊትር ያተርፍልኛል። በጾም ለ450 ኪሎ ሰማያዊው ያው 57 ሊትር ነው፣ ትንሹ ሁለት ጊዜ ይሄዳልና 96። ለመቶ ኪሎ 12.7 እና 21.3። ሰማያዊው 39 ሊትር ያተርፍልኛል። የሾፌሩ አበልና የጎማው ነገር ሲጨመር ደግሞ ሌላ ነው።

የጎጃም መስመር፦

ሰማያዊው 250 ኪሎ ዓሳ ብቻ ሲጭን 57 አይበላም። ያን የበላው ሞልተሽ ስትጭኚው ነው። ሁለትም ይሁን ሦስት ሊትር ያንሳል። ስለዚህ የፍስኩ 9 ሊትር ልዩነት በእውነቱ ከዚያ ጠበብ ያለ ነው።

መምህር ዘሰባታሚት፦

የጋሼን ትተን በ9ኙ እንኳ ብንሄድ፣ አንድ የጾም ጉዞ ከአራት የፍስክ ጉዞ በላይ ይክሳል። 39 ለ9፣ 4.3 ነው። ከአምስት ጉዞሽ አንዱ የጾም ጭነት ከሆነ ሰማያዊው ይበልጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ጾመ ነቢያት ከ40 በላይ፣ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት። የሰኔውን ሳልጨምር ከዓመቱ ሩቡን አልፏል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ በጾም ቶሎ ቶሎ ትልኪያለሽ ወይስ እንደ ፍስኩ ነው?

ዓሳ ነጋዴዋ፦

በጾም እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ነው መምህር። በፍስክ በሳምንት አንዴ የምልከውን በሁዳዴ እደግመዋለሁ።

ፖሊ ካምፓስ፦

ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። የረሳችሁት ነገር አለ። አንዱ ናፍጣ ነው፣ አንዱ ቤንዚን። የናፍጣ ሊትርና የቤንዚን ሊትር አንድ አይደሉም። ናፍጣ በሊትር ከአሥር በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት ይይዛል፣ ጥግግቱም ከፍ ያለ ነው። ሊትርን ከሊትር ማወዳደር የሚቻለው ሁለቱም አንድ ዓይነት ነዳጅ ሲሆኑ ነው። እዚህ ላይ እትዬ ያልወደዱት ብር ይመጣል።

ግን የዛሬን ዋጋ ማወቅ አያስፈልግም። በፍስክ ሰማያዊው 57፣ ትንሹ 48 ሊትር ነው። 57 ለ48 ሲካፈል 1.19። ቤንዚን በሊትር ከናፍጣ በ19 በመቶ ካልተወደደ ትንሹ በፍስክ ይረክሳል። ከዚያ በላይ ከተወደደ ሰማያዊው በፍስክም ያሸንፋል። በጾም ግን 57ን ለ96 ነው የምናወዳድረው። ሰማያዊው እንዲከስር ናፍጣ ከቤንዚን በ68 በመቶ መወደድ አለበት።

አንድ ሰው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ጭነት መኪና ልግዛ ቢል ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ስለተከለከለ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ኪሎሜትር በሊትር የሚባል ነገር የለም፣ ኪሎሜትር በኪሎዋት ሰዓት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ለአንድ ኪሎሜትር የሚወጣው ብር ብቻ ነው፣ ለእትዬ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ዓሳ።

የዘጌ ጀልባ፦

ሰማያዊውን ከገዛሽ በፍስክ የሚተርፈውን ቦታ ምን ታደርጊዋለሽ? የዘጌ ቡና አለኝ። ደብረ ማርቆስ ሰው አለኝ። ጭነቱን ከተካፈልን ናፍጣውንም እንካፈላለን።

ዓሳ ነጋዴዋ፦

ቡና ከዓሳ ጋር? ሽታውን ማን ይገዛዋል! በደንብ ታሽጎ ፊት ወንበሩ ላይ ከሆነ እንነጋገር።

የካምፓሱ ልጅ፣ ዛሬ ማደያ ሄጄ ሁለቱንም ዋጋ አየሁ። ናፍጣና ቤንዚን ተቀራራቢ ናቸው፣ 19 በመቶ የሚባል ልዩነት የለም። ስለዚህ በፍስክ ትንሹ ይሻላል፣ በጾም ሰማያዊው። ሁለት መኪና የመግዛት አቅም ግን የለኝም።

ሰማያዊውን ነው የምወስደው። ባለቤቱ ጋ የምሄደው የደብተሩን ፎቶና የማደያውን ደረሰኝ ይዤ ነው። በሊትር ሁለት ኪሎሜትር አጭበርብሮኛልና ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ጋሼ፣ የዚህን ዓይነት መኪና ስንት ሲሸጥ ነው የሰሙት?

የጎጃም መስመር፦

በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ፣ እዚህ ደላላው ያነበዋል።